አንዱ ምት ሁለት ሆኖ ሲሰማ

ሰፈሩ ሁሉ «ጠብታ» ነው የሚለው። ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ የሚፈስ ውሃ ሲያስቸግር ሌላው ሠራተኛ መዶሻ ይዞ ግድግዳ ይንዳል፤ እሱ ግን የረጅም ካቻቪቴውን ጫፍ ግድግዳው ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ «እዚህ ጋ» ይላል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ቅጽል ስሙም የወጣለት በዚሁ ነው።

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እሷ ደግሞ አሥራ ሰባት ሞልቷት ነበር። እሱን ትምህርት ቤት እያደረሰች ራሷም ተማረችና በሙያ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት ሆነች። አሁን እሱ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ እሷን ግን ዛሬም «እታለም» ነው የሚላት፤ ስትቆጣውም ዝም ብሎ መሬት መሬት ያያል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወለችለት።

«ዛሬ ሥራ አለህ?»

«ከሰዓት ነው።»

«እንግዲያው ና፣ ጆሮህን አውሰኝ።»

ትምህርት ቤቱ ከመሬት በታች የሚያልፍ የድሮ የቧንቧ መተላለፊያ አለው። በጡብ የተሠራ፣ ሁለት መቶ ሜትር የሚረዝም፣ ጎንበስ ብለው የሚሄዱበት ዋሻ ነው። ከውሃ ማሞቂያው ክፍል ይነሣል፤ ሌላኛው ጫፉ ከዓመታት በፊት በኮንክሪት ተደፍኗል። በግድግዳው ላይ አንድ ወፍራም የብረት ቧንቧ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፤ ድሮ ሙቅ ውሃ ይተላለፍበት ነበር፣ አሁን ባዶውን ነው። ሰኞ ተማሪዎቿን አምጥታ በዚህ ቧንቧ ድምፅ ልታሰማቸው አስባለች። አስቀድማ ግን ይሠራ አይሠራ እንደሆነ ማየት ፈለገች።

«እኔ መዶሻ ይዤ ወደ ውስጥ እየሄድኩ በየአሥር ሜትሩ አንድ ጊዜ እመታለሁ። አንተ እዚህ ጫፉ ላይ ጆሮህን አድርገህ ታዳምጣለህ» አለችው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን እንደሰማህ ትነግረኛለህ። አንድ ስመታ ሁለት ትሰማለህ።»

«እታለም፣ እኔን ነው እንዴ የምታሞኚው?»

ሳቀችበት። «ስማ፣ ድምፅ ማለት ግፊያ ነው። እኔ እዚያ ብረቱን ስመታ ብረቱ አጠገቡ ያለውን ይገፋል፣ ያም ቀጣዩን። ማንም ከቦታው ተነሥቶ ወደ አንተ አይመጣም፤ የሚመጣው ግፊያው ነው። ብረት ውስጥ ቅንጣቶቹ ጥብቅ ብለው ተያይዘው ስለቆሙ አንዱ ሲነካ ሌላው ወዲያው ያውቃል። ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ግን ልል ነው፤ ግፊያውን ለማቀበል ይዘገያል። በብረቱ የሚመጣው በአየሩ ከሚመጣው አሥራ አምስት እጥፍ ያህል ይፈጥናል። ስለዚህ የብረቱን ቀድመህ፣ የአየሩን አስከትለህ ትሰማለህ። እኔ በራቅኩ ቁጥር በመሃላቸው ያለው ክፍተት ይሰፋል።»

የበሩ ዘበኛ፣ ሁሉም «አባባ» የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ቆመው ሲሰሙ ነበር። «መምህርት፣ እዚያ ውስጥ መግባቱ ይቅርብሽ» አሉ። «ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ሰዎች ለአዲሱ ሕንፃ መሠረት መቆፈር ከጀመሩ ወዲህ መሬቱ እየተንቀጠቀጠ የሻይ ብርጭቆዬ እንኳ አንድ ቦታ አይቀመጥም።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ አይሠሩም አባባ» አለችና መብራቷን ግንባሯ ላይ አስራ ገባች።

መጀመሪያ አንድ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ትንሽ ስትርቅ ድምፁ ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ መሰለ። ከዚያ እውነትም ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ቀጭንና ሹል፣ ሁለተኛው ደፈን ያለና ወፍራም፤ ጣ... ዱ። ጠብታ ብቻውን ፈገግ አለ። በሙያው ስንት ዓመት ቧንቧ ሲያዳምጥ ኖሮ ይህን አንድም ቀን ልብ ብሎት አያውቅም። ጣ... ዱ። ጣ... ... ዱ። ክፍተቱ እየሰፋ ሄደ።

ከአጥሩ ወዲያ ማሽን ሲነሣ የሰማው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ቧንቧው ከጆሮው ሥር አጉረመረመ። ቀጥሎ ከጆሮው ይልቅ ደረቱን የመታው ከባድ ነገር መጣ፤ የሰማው ሳይሆን የተገፋ ነው የመሰለው። ከዋሻው አፍ አቧራ የተሞላ ነፋስ ወጥቶ ፊቱ ላይ ተደፋ። ከዚያ ጸጥ አለ።

«እታለም!»

የስልኩን መብራት አብርቶ ሮጦ ገባ። አርባ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ዋሻው አለቀ፤ አፈርና ጡብ ከወለል እስከ ጣሪያ ሞልቶታል። በእጁ መቧጠጥ ጀመረ። የዛቀውን ያህል ከላይ ይወርዳል። ጮኸ፤ ድምፁን አፈሩ ውጦ አስቀረው፣ ተመልሶም አልመጣ። ከራሱ በላይ ያሉት ጡቦች ቀጭ ቀጭ ሲሉ አንድ እጅ ቀበቶውን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተው። አባባ ነበሩ።

«ሁለታችሁንም ልቅበር እንዴ? ውጣ!»

የነፍስ አድን ሠራተኞች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሱ። ግቢው መሃል መሬቱ እንደ ሳህን ጎድጉዶ ነበር። አዛዡ ሽበታም፣ ንግግሩ አጭር የሆነ ሰው ነው። ጉድጓዱን አየ፣ ከጎረቤት ግንባታ የመጣውን የማሽን ነጂ አነጋገረ፤ ነጂው «ከሥሩ ዋሻ እንዳለ የነገረን የለም» አለ።

«መሬቱ የገባው እዚህ ነው፣ የምንቆፍረውም እዚህ ነው» አለ አዛዡ። «ኤክስካቫተሩን አምጡ።»

«አልፋው ሄዳ ቢሆንስ?» አለ ጠብታ።

«የት እንዳለች ታውቃለህ?»

አያውቅም። ስንት ጊዜ እንደመታች አልቆጠረም ነበር። በድምፁ ተገርሞ መቁጠሩን ረስቶታል።

ወደ ማሞቂያው ክፍል ተመልሶ ጆሮውን ቧንቧው ላይ ለጠፈ። የማሽኑ ጩኸት በአፈሩ አልፎ ብረቱ ውስጥ ገብቷል፤ ሌላ ምንም አይሰማም። ወጥቶ አዛዡን እጁን ያዘው።

«ጌታዬ፣ ማሽኑ ይጥፋ። አንድ ጊዜ ላዳምጥ።»

«የምናባክነው ጊዜ የለንም፣ ወንድሜ።»

«በሕይወት ካለች ትመታለች። ቧንቧው አጠገቧ ነው። እባክህ፣ በእናትህ!»

አዛዡ አየው። «አምስት ደቂቃ» አለ።

ማሽኑ ጠፋ። ሰዉ ሁሉ ባለበት ቆመ። ጠብታ ዓይኑን ጨፈነ። የሰማው የራሱን ደም ነበር፤ ዱብ ዱብ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ቧንቧው ቀዝቃዛ ነው፣ ዝም ያለ ነው፣ የሞተ ነው። ሦስት። «እንግዲህ አለቀ» አለ በልቡ።

ጣ... ... ዱ።

ትንፋሹን ያዘ። ረጅም እስትንፋስ ያህል ቆየ። ጣ... ... ዱ። ደግሞ ቆየ። ጣ... ... ዱ።

በድንጋጤ እየደጋገመች አይደለም የምትመታው። አንድ ጊዜ መትታ ትጠብቃለች። ሁለቱ ድምፆች እንዳይደባለቁበት እያሰበችለት እንደሆነ ሲገባው እንባው ቧንቧው ላይ ወረደ።

አዛዡ ጆሮውን አስጠጋ። ፊቱ ተለወጠ። «ሁለት ሁለት ጊዜ እየመታች ነው።»

«አይደለም፣ አንዴ ነው የምትመታው። ስማው፣ የፊተኛው ቀጭን ነው፣ የኋለኛው ወፍራም። አንዱ በብረቱ፣ አንዱ በውስጡ ባለው አየር ነው የሚመጣው። አየሩ ካልተዘጋ ቧንቧው አልተቆረጠም ማለት ነው። ክፍተቱ ደግሞ ርቀቷ ነው። ጌታዬ፣ ሩቅ ናት፤ ከጉድጓዱ ወዲያ ናት!»

«ምን ያህል ሩቅ?»

ክፍተቱ ጠብታ ጆሮ ውስጥ አለ፤ በሜትር ግን ስንት እንደሆነ በምን ይለካዋል? ጭኑን በጣቱ መታ፤ ጣ... ... ዱ፣ ጣ... ... ዱ። ድንገት ልጅ ሳለ ከሩቅ ያየው እንጨት የሚፈልጥ ሰው ትዝ አለው፤ መጥረቢያው ሲወርድ ይታያል፣ ድምፁ ግን ቆይቶ ይመጣል። ያም አየር ነው። ይህም አየር ነው።

«አባባ! የብረት ባልዲና መዶሻ ይያዙና በአጥሩ መንገድ ቀጥ ብለው ይሂዱ! በየአሥር ሜትሩ ቆመው ባልዲውን አንድ ጊዜ ይምቱ፤ ክንድዎን ከፍ አድርገው፣ እንዳይዎት!»

አዛዡ ወዲያው ገባው። ሜትር የያዘ ሠራተኛ ከሽማግሌው ጋር ላከ። ጠብታ የቧንቧውን ምት እንዳይጠፋበት ጭኑ ላይ እየደጋገመ ከማሞቂያው ክፍል በር ላይ ቆመ። የአባባ ክንድ ወረደ፣ ድምፁ ተከተለ፤ ክፍተቱ አጭር ነው። ወዲያ ሄዱ። አሁንም አጭር ነው። ወዲያ ሄዱ። መቶ አሥር። መቶ ሃያ። ሮጦ ወደ ቧንቧው ተመለሰ፣ ደግሞ አዳመጠ፣ ደግሞ ወጣ። መቶ ሠላሳ ላይ ክንዱ ወርዶ ድምፁ ሲመጣ፣ ጭኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ሆነ።

«መቶ ሠላሳ» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?» አዛዡ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰዎቼን ሁሉ ወደዚያ ነው የምወስዳቸው። ተሳስተህ ከሆነ...»

«ተሳስቼ ከሆነ የገደልኳት እኔ ነኝ» አለ ጠብታ።

መቶ ሠላሳ ሜትሩ የመኪና ማቆሚያው ሥር ላይ ዋለ። ማሽን ጣሪያውን ያናውጠዋል ተብሎ በአካፋና በዶማ ተቆፈረ። አንድ ሰዓት አለፈ። ጠብታ በቧንቧውና በጉድጓዱ መሃል ሲመላለስ እግሩ ዛለ። በምቶቹ መካከል ያለው ዝምታ እየረዘመ ሄደ። ሁለተኛው ሰዓት ሊሞላ ሲል ምቱ ቀረ። መቶ ቆጠረ። እንደገና መቶ ቆጠረ። ለማንም አልተናገረም፤ ከተናገረ አካፋዎቹ የሚዘገዩ መሰለው።

በመጨረሻ ዶማው ጡብ አገኘ። ጡቡን አንድ በአንድ አነሡ። አዛዡ በቀዳዳው መብራት አስገብቶ አየ። ጠብታ ጎንበስ ብሎ አየ። በአንድ ወገን ባዶ ዋሻ ነው። በሌላው ወገን ሌላ የአፈር ቁልል ዋሻውን ዘግቶታል። ሰው የለም።

«ሥሩ ናት» አለ አንዱ ቀስ ብሎ።

«አውርዱኝ» አለ ጠብታ።

በገመድ አወረዱት። አፈሩን ሊነካ ፈራ፤ እጁ የሚያገኘውን ፈራ። ቧንቧው ከቁልሉ ወጥቶ በአጠገቡ ያልፋል። ድንጋይ አንሥቶ አንድ ጊዜ መታ። ጆሮውን ለጠፈ። ምንም የለም። መታ። ምንም። ሦስተኛ ጊዜ መታና ግንባሩን ብረቱ ላይ ጣለ።

ጣ።

ሐሰት መሰለው። ቆየ። ጣ። ደካማ ምት ናት፣ የጥፍር ያህል፤ ግን አንድ ናት፣ ሁለት አልሆነችም። ያኔ ነው እህቱ የነገረችው ሁሉ በአንዴ የገባው። ሁለቱ ድምፅ ካልተለያየ ቅርብ ናት። ብረቱም ትንሽ ጊዜ ይወስድበታል እኮ! እሱ ግን የብረቱ ድምፅ በቅጽበት እንደሚደርስ ቆጥሮ ስለነበር ጥቂት ሜትር አሳንሶ ነው የለካው።

«ከአፈሩ ጀርባ ናት! ሥሩ አይደለችም፣ ጀርባው ናት! ውረዱ!»

ሦስት ሰዎች ወረዱ። በእጅና በባልዲ ዛቁ፤ ከላይ በጣውላ እየደገፉ፣ ከሥር እየዛቁ። ጣሪያው ቀጭ ባለ ቁጥር ሁሉም ባሉበት ይቆማሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። አመሻሹ ላይ የክንድ ውፍረት ቀዳዳ ተከፈተ። ጠብታ እጁን አስገባ። ወዲያ ማዶ ቀዝቃዛ ጣቶች ያዙት።

«ማን ነው?» አለ የደረቀ ድምፅ።

«እኔ ነኝ እታለም። እኔ ነኝ።»

«ብቻህን ገብተህ ከሆነ እገድልሃለሁ» አለችው።

ቀኝ እግሯ በጡብ ተይዞ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ ነበር። መዶሻው ከእጇ አምልጦ ስለጠፋባት፣ ኋላ ላይ በቤቷ ቁልፍ ነበር የምትመታው፤ ለዚህ ነው ማሞቂያው ክፍል ድረስ ያልተሰማው። በቃሬዛ ሲያወጧት በዝቅተኛው ጣሪያ ሥር እያለፈች ዓይኗን አልገለጠችም።

ሐኪም ቤት እግሯ ተስተካክሎ በጀሶ ከታሰረ በኋላ ጠብታ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። እሷ ጣሪያውን ታያለች፤ ነጭ፣ ደረቅ፣ ጤነኛ ጣሪያ ነው።

«መጀመሪያ ጮህኩ» አለች ቆይታ። «እኔ ራሴ ለስንት ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ አፈር ድምፅ እንደሚውጥ እያወቅኩ ጉሮሮዬ እስኪደማ ጮህኩ። ቧንቧው ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።»

«ይብቃሽ፣ አታውሪው።»

«ልንገርህ። ጨለማው አልነበረም ያስፈራኝ። እየመታሁ ሳለ ሰሚ ይኑር አይኑር አለማወቄ ነው። አንተ ትሰማኛለህ፣ እኔ ግን አንተን አልሰማህም።»

ጠብታ ክው አለ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጆሮውን ለጥፎ ሲያዳምጥ፣ ከማሞቂያው ክፍል አንድ ጊዜ እንኳ መልሶ ለመምታት አላሰበም። አንድ ምት ብቻ ይበቃት ነበር።

እሷም ፊቱን አይታ ገባት። እጁን ያዘችው።

ነርሷ ገብታ «ታማሚዋ ትረፍ፣ መብራቱን ላጥፋው» አለች።

«አይጥፋ» አሉ ሁለቱም በአንድ ላይ።