የቀኙ የፊት ጎማ

የቀኙ የፊት ጎማ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሲላጭ ጎሚስታው ነቅሎ መሬት ላይ አጋደመውና መዳፉን ከዳር እስከ ዳር አሻሸበት። የውስጥ ወገኑ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ የውጭ ወገኑ ግን ሽቦው ሊታይ ምንም አልቀረውም።

“ጋሼ፣ ይሄ ጎማ በአንድ ጎኑ ሙሽራ፣ በአንድ ጎኑ አያት ነው። ምን እያደረጉት ነው?”

“ምን አደርገዋለሁ? እየነዳሁት ነዋ!” አሉ ጋሽ ፍሬን።

ጋሽ ፍሬን የእናት አባት ስማቸው አይደለም። አርባ ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ “ፍሬን ያዝ!” የሚለው ጩኸት ከአፋቸው ስለማይጠፋ ተማሪዎቻቸው ያወጡላቸው ነው። መጀመሪያ ያናድዳቸው ነበር፤ ኋላ ባለቤታቸውም ሳይቀሩ እንዲያ ሲጠሯቸው እጅ ሰጡ። እሳቸው ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። መኪናዋ ግን ጡረታ የሚባል ነገር አልሰማችም፤ በሳምንቱ ቀናት እሳቸውን ዳማ መጫወቻቸው ታደርሳለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ትልቋ ልጃቸው ትነዳታለች።

ልጅቷ ፋርማሲስት ናት። ነገርን ሁሉ በመጠን ነው የምትሰጠው፤ ቁጣዋ እንኳ ከምግብ በኋላ ነው የሚወሰደው። ያን ቀንም ምሳ እስኪበላ ጠበቀችና ጀመረች።

“አባዬ፣ በዓመት ሦስት ጎማ! የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ እየፈገፈግክ ነው የምትሄደው። ዐይንህ ደክሟል።”

“ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔ አይደለሁም! መኪናዋ ናት!”

“መኪናዋ ብትሆን እኔስ አይሰማኝም ነበር? ቅዳሜ ስነዳት ምንም የላትም እኮ።”

እውነት ለመናገር ጋሽ ፍሬንም ሲነዷት ምንም አይሰማቸውም።

“እንግዲያው አርብ ጋራዥ እንሂድና የጎማዎቿ አቋቋም፣ አላይመንቷ፣ ይታይ” አለች ልጅቷ። “ጥፋቱ የመኪናዋ ከሆነ ቁልፉ ያንተ ነው፣ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። የነጂው ከሆነ ግን ቁልፉን ትሰጠኛለህ። የምትሄድበት ሁሉ እኔ እወስድሃለሁ።”

“ደህና ፍርድ ነው” አሉ ባለቤታቸው ሳህን እየሰበሰቡ። ማን ጠየቃቸው?

ጋሽ ፍሬን ቃላቸውን ሰጡ። ሞት አያስፈራቸውም ነበር። ያስፈራቸው የተሳፋሪው ወንበር ነው። ሲወስዱት የሚሄድ፣ ሲተዉት የሚቀመጥ ዕቃ ሆኖ መኖር! ከልጃቸው የሥራ ሰዓት የተረፈችውን እየለቀሙ ዳማ መጫወት! ይህን ሲያስቡ በዚያ ዕድሜያቸው ማልቀስ አማራቸው።

አርብ የጠበቃቸው መካኒክ ድሮ ተማሪያቸው ነበር። “ለፈተና አልደረስክም” ብለው ሦስት ጊዜ መልሰውታል። ዛሬ ፈታኙ እሱ ነው፣ ተፈታኙ እሳቸው፤ ደስታውን ለመደበቅም ብዙ አልደከመም። መኪናዋን ከጉድጓዱ በላይ አቆማት፣ አራቱም ጎማዎች ላይ መለኪያውን አሰረና ወደ ማሽኑ ቁጥር ጎንበስ አለ።

“የግራው ደህና ነው። የቀኙ የፊት ጎማ ግን አናቱን ወደ ውጭ ጥሏል።”

መብራት ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ከሥር ድምፁ ብቻ መጣ።

“አገኘሁት! ብራቾው ታጥፏል። ጎማውን ከሥር የሚይዘው ክንድ ማለት ነው። እሱ ሲታጠፍ መኪናዋን ወደ ቀኝ ይጎትታታል፣ ጎማውንም በውጭ ጠርዙ ብቻ ያስሄደዋል።”

“አላልኩም!” ብለው ዘለሉ ጋሽ ፍሬን። “መኪናዋ ናት አላልኩም!”

“ይሄ ግን በራሱ አይታጠፍም” አለ መካኒኩ። “አንድ ሰው ከድንጋይ ጋር አላትሞታል።”

ልጅቷ እጇን ደረቷ ላይ አጣጠፈች። “አባዬ?”

ጋሽ ፍሬን ወደ ጉድጓዱ ወረዱና መብራቱን ተቀብለው አዩት። የታጠፈው ቦታ ላይ ዝገት በዝገት ላይ ተደራርቧል፤ ዝገቱ እየበላው መታጠፉም ዘንድሮ ብሷል። ያኔ ትዝ አላቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ቦታው ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። መሪውን የያዘችው ልጃቸው ናት፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ ለፈተናዋ ሁለት ወር ቀርቷታል። ድመት ገባባት። ፍሬን ልትይዝ ቤንዚን ሰጠችና የእግረኛውን መንገድ ድንጋይ ዘላ ወጣችው። ከዚያ መሪውን ለቀቀች፣ “ሁለተኛ መኪና አልነካም!” እያለች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እሳቸው ወረዱ፣ ከሥር ያዩ መስለው ጎንበስ አሉ፣ ተነሡና “ምንም አልሆነም፣ ቀጥዪ” አሏት። ከዚያን ቀን ወዲያ መኪናዋ ትንሽ ወደ ቀኝ ስትል እሳቸው ትንሽ ወደ ግራ ይይዟታል። ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉት፤ እጃቸው ለመደና እነሆ እሳቸውም ረሱት።

ከጉድጓዱ ሲወጡ ልጃቸው አሁንም መልስ እየጠበቀች ነው። አንድ ቃል ቢናገሩ ቁልፉ የእሳቸው ነው። ጋሽ ፍሬን አፋቸውን ከፈቱ፣ ፊቷን አዩና ሌላ ነገር ወጣቸው።

“እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ነበር።”

“ጋሼ፣ ይሄ ዝገት እኮ የልጅ ልጅ ያየ ነው…” ሲል ጀመረ መካኒኩ።

“አንተ ዝገት ትቆጥራለህ? ሥራህን ሥራ!”

ልጅቷ አሸነፍኩ ብላ አልተደሰተችም፤ እንዲያውም አንገቷን ደፋች። “ቃል ቃል ነው፣ አባዬ” አለች ቀስ ብላ። እሳቸውም “ቃል ነው” አሉ።

መካኒኩ ብራቾውን ቀየረ፣ አዲስ ጎማ ገባ፣ አላይመንቷ ተስተካከለ። “አሁን መሪውን ቢለቁት እንኳ እንደ ክር ቀጥ ብላ ትሄዳለች” ብሎ ቁልፉን አስረከበ። ልጅቷም አዘነችላቸውና እስከ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ እንዲነዱ ፈቀደች።

ጋሽ ፍሬን ከጋራዡ ወጡ። ሃምሳ ሜትር ሳይሄዱ መኪናዋ የመንገዱን መሀል መስመር ተሻግራ ፊት ለፊት ወደሚመጣ የጭነት መኪና አመራች። ክላክሱ ሰማይ ምድሩን አናወጠው። መለሷት። እንደገና ወደ ግራ! አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ቀኝ ስትጎትት የኖረች መኪና ታክማ ወደ ግራ ገባች።

“አባዬ፣ አቁም! አቁም በናትህ!”

ወንበር ተቀያየሩ። ልጅቷ ቀበቶዋን አሰረች፣ መስተዋቱን አስተካከለች፣ ሁሉን አባቷ እንዳስተማሯት አደረገች። “እንዲህ ነው የሚነዳው” ብላ ተነሣች። መኪናዋም ሰተት ብላ ወደ ግራ። ብስክሌት የሚነዳ አንድ ሰው ቦይ ውስጥ ዘሎ ገባና ከነጭቃው ቆሞ ጮኸ።

“አንቺ! ማነው መንዳት ያስተማረሽ?”

ጋሽ ፍሬን በወንበራቸው ውስጥ ቀስ እያሉ ወደ ታች ተንሸራተቱ።

ልጅቷ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቴም ግራ ስትገባ መኪናዋን ዳር አቁማ “ይሄ መካኒክ አበላሽቷታል!” አለች። መካኒኩም ከጋራዡ በር ሆኖ ሁሉን ሲያይ ነበርና እየሮጠ ደረሰ። ሁለቱን ከኋላ አስቀምጦ መሪውን ያዘ፣ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ሲደርስ ሁለቱንም እጁን ወደ ላይ አነሣ። መኪናዋ ሁለት መቶ ሜትር ዝንፍ ሳትል ሄደች።

“እሷ ጤነኛ ናት” አለ። “በሽተኞቹ እናንተ ናችሁ። እሷ ወደ ቀኝ ስትጎትት የናንተ እጅ ወደ ግራ ሲመልስ ነው የኖረው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። አሁን የሚጎትት ነገር የለም፣ እጃችሁ ግን አልሰማም።”

ልጅቷ እጆቿን ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው።

“የኔ እጅ መቼ ለመደ? እኔ እኮ የተማርኩት በዚችው ነው። ፈተና የወደቅኩት እንኳ ሌላ መኪና ሰጥተውኝ ወደ ቀኝ… አይ፣ ወደ ግራ ሄጄ ነው!” ወደ አባቷ ዞረች። “አባዬ። የፖስታ ቤቱ ድንጋይ።”

“የቱ ፖስታ ቤት?” አሉ ጋሽ ፍሬን። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መዋሸት ግን አልተቻላቸውም።

“ምንም አልሆነም ብለኸኝ ነበር!”

“እውነቱን ብነግርሽ ኖሮ ሁለተኛ መሪ ትነኪ ነበር?”

ልጅቷ ዐይኗን ጠረግ አድርጋ ሳቀች። “አልነካም ነበር” አለች። “ቁልፉ ያንተ ነው፣ አባዬ። ይቅር በለኝ።”

“አልወስድም። ድንጋዩን የመታሽው አንቺ ብትሆኚም ዛሬ የጭነት መኪና ጉሮሮ ውስጥ ልከትሽ የነበርኩት እኔ ነኝ።”

“ውሰድ እኮ ነው የምልህ!”

“አልወስድም አልኩ!”

“እናንተ ሰዎች፣” አለ መካኒኩ ከፊት ሆኖ፣ በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም፣ “ተጣሉ፣ ግን ቀበቶ እሰሩ።”

ባለቤታቸው ደጅ ላይ ቆመው ሲጠብቁ መኪናዋን ባዕድ ሰው እየነዳት፣ ባልና ልጃቸው ከኋላ ተኮራምተው ሲመጡ አዩና “ማን ሞተ?” ብለው ጮኹ። ማንም አለመሞቱን አረጋግጠው ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

“ታዲያ ጥፋቱ የማን ሆነ?”

“የኔ” አሉ አባትና ልጅ እኩል።

ባለቤታቸው ሁለቱን ተራ በተራ ተመለከቱ። “እሱም ወደ ግራ፣ እሷም ወደ ግራ። እንግዲህ በዚህ ቤት እጁ ያልተበላሸ ማነው?” ብለው ጠየቁ። መዳፋቸውን ዘረጉ። “ቁልፉን ወዲህ በሉ።”

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ፣ ባለቤታቸው ትራስ ደርበው ከመሪው ኋላ ተቀመጡ። በትዳር ሠላሳ ስምንት ዓመታቸው፣ መሪ ሲነኩ ግን የመጀመሪያ ቀናቸው ነው። ጋሽ ፍሬን በዚያ በሚፈሩት የተሳፋሪ ወንበር ላይ ሆነው ማርሹን አሳዩ፣ ፍሪሲዮኑን አስረዱ። መኪናዋ ሁለት ጊዜ ጠፋች። በሦስተኛው ተነሣችና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብላ አቋረጠች። ጋሽ ፍሬን በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ወደ ኋላ ቢያዩ አቧራው ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ተሰምረዋል። ባለቤታቸው ላይ ቀኑ፤ ኮሩባቸውም።

“ይሄን ሁሉ ሰው ስታስተምር እኔን ለምን ተውከኝ?” አሉ ባለቤታቸው ዐይናቸውን ከፊታቸው ሳይነቅሉ።

ጋሽ ፍሬን ሊቀልዱ ፈለጉ፤ ቀልዱ አልመጣም።

“ፈርቼ ነዋ። መንዳት ከቻልሽ እኔ ምን እሠራልሻለሁ ብዬ።”

“ሞኝ! አንተን ለመኪናህ ብዬ ነው እንዴ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተሸከምኩህ?”

ሜዳው ጫፍ ላይ ደረሱ። ባለቤታቸው መሪውን በሁለት እጃቸው በዝግታ አዞሩና መኪናዋን ወደ መጣችበት መለሱ።

“ነገስ የት ልውሰድህ?”

እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው በሕይወታቸው አልነበረም። ጋሽ ፍሬን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉና እግራቸውን ዘረጉ።

“የፈለግሽበት” አሉ፤ ከልባቸው ነበር።