ፌብሩዋሪ ሠላሳ የተወለዱት ሰው

ሁለቱም ሳንቲሞች በቁጥራቸው በኩል ወደቁ።

«እምቢ አለ» አለች አዪን፣ የሞተ ባሏን መሸኘት ያቃታት ሴት፣ እንባዋን በማቋ እጅጌ እየጠረገች። «ድገሚ ልጄ። አባትሽ በአንድ ጊዜ እሺ ብሎ ያውቃል?»

ሊጁ ከአባቷ ሬሳ ሳጥን ፊት ተንበርክካ ሳንቲሞቹን ለቀመች። አንዱ በምስሉ፣ ሌላው በቁጥሩ ከወደቀ ሟቹ ተስማምቷል ማለት ነው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን እምቢ ነው። ከሳጥኑ በላይ ፎቶው፣ ከፎቶው ሥር አንድ ሳህን ሩዝና ክሩ የተቋጠረ የማንበቢያ መነጽራቸው ተቀምጧል።

«አባዬ፣ እባክህ» አለች። «የመዝገብ ቢሮው ሊዘጋ የቀረው ሁለት ሰዓት ነው። ፌብሩዋሪ ሃያ ስምንት ብዬ ልፈርምልህ? ወረቀት እኮ ነው!»

ወረወረች። አሁን ደግሞ ሁለቱም በምስላቸው።

«ሠላሳ ዓመት መንግሥት ያላሸነፈውን ወንድሜን» አሉ አጎቷ ሁዎቱ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከለቀስተኞች ጋር ወረቀት አጥፈው አበባ እየሠሩ፣ «አንቺ በሁለት ሳንቲም ልታሸንፊው ነው?»

ለቀስተኛው ሳቁን በእጁ አፈነ። ሊጁም ሳቅ መጥቶባት ነበር፤ የወጣው ግን ሳግ ነው።

የሟቹ የሽዊሙ መከራ የጀመረው በተወለዱ በሳምንታቸው ነው። እናታቸው የወለደቻቸው በጨረቃ አቆጣጠር በሁለተኛው ወር፣ በሠላሳኛው ቀን። የመንደሩ ጸሐፊ ወሩንም ቀኑንም እንዳለ ወስዶ የመንግሥት መዝገብ ላይ ገለበጠው፤ ፌብሩዋሪ ሠላሳ። ከሃያ ዘጠኝ ለማያልፈው ፌብሩዋሪ ሠላሳ ቀን ማን እንደሰጠው የጠየቀ የለም። ለውትድርና ሲፈለጉም የሌለው ቀን ማንንም አልቸገረም፤ አግኝተው ወሰዷቸው። ጉድ የፈላው ኮምፒውተር ሲመጣ ነው። ጡረታ ቢጠይቁ «የልደት ቀንዎ እስካሁን ስላልደረሰ ዕድሜዎ አልሞላም» የሚል ደብዳቤ ማኅተም ተመትቶበት ደረሳቸው። ይታረምልኝ ቢሉ «እናትዎ ይመስክሩ» ተባሉ። እናቴ ሞታለች ብለው የሞት ወረቀቷን ቢያቀርቡ፣ «ምስክሩ በአካል አልቀረቡም» ተብሎ ተመለሰ።

በመጨረሻ አዛኝ መስሎ አንድ ኃላፊ መጣ። «የሌለውን ቀን ካለው ቀን ጋር እናስጠጋው፤ ሃያ ስምንት ይበሉና ይገላገሉ።»

ሽዊሙ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ መለሱለት። «በዚያ ቀን እናቴ እኔን በሆዷ ይዛ የጨው ማሳ ላይ ጨው ስትዝቅ ነበር። እኔ ሳልወለድ ልወለድላችሁ?» ከዚያ ወዲያ በየሰኞው ማለዳ ተነስተው ቢሮው ሄደው የወረፋ ቁጥር ይወስዱ ነበር። በሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ልባቸው ቀጥ ያለው እሑድ ማታ ነው፤ ለሰኞ ያዘጋጁት ማመልከቻ በሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ታጥፎ ተገኘ።

ሊጁ ዛሬ ጠዋት የሞታቸውን ወረቀት ልታወጣ ሄዳ ኮምፒውተሩ እምቢ አላት። ያልተወለደ ሰው መሞት አይችልም። ማረሚያውን ደግሞ አመልካቹ ራሱ ይፈርም ተባለች። አመልካቹ ሞቷል ብትል፣ ጸሐፊዋ አንገቷን ደፍታ «እሱን የሚያረጋግጥ የሞት ወረቀት ያስፈልጋል» አለች። ያለ ሞት ወረቀት ሬሳ የሚያቃጥል የለም። የቀረው መንገድ ሃያ ስምንቱን ተቀብላ በአባቷ ስም መፈረም ነው። የሬሳ ማቃጠያው ተራቸው ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። ሬሳ ለመሸኘት መልካም የሚባለው የሚቀጥለው ቀን ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው፤ እናቷ ደግሞ እህል ከቀመሰች አራት ቀኗ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ከዚህ ሳጥን ሥር ብትቀመጥ ሁለት ሬሳ ነው የሚወጣው።

ሊጁ ተነሳች። «እንግዲያው ያለ ፈቃድህ ነው አባዬ» አለች፤ ፎቶውን ግን አላየችውም።

ቢሮው ውስጥ ጸሐፊዋ ቅጹን ስታቀብላት የሟቹን ስም አይታ ደነገጠች። ጠዋት ቀኑን እንጂ ስሙን አላየችውም ነበር። «የሰኞው አባባ ናቸው እንዴ? የዘይቱን ፍሬ ያመጡልኝ ነበር… እውነቴን ነው፣ እኔ ባርመው ደስ ይለኝ ነበር። ሳያነቡ ፈርመው አያውቁም።»

ሊጁ ሳታነብ ፈረመች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አባቷ በሰው ልደት ቀን ተወለዱና ወዲያው ሞቱ። እጇን ቁረጪው ቁረጪው አላት።

ድንኳኑ ጋ ስትደርስ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር። ለሟቹ በእሳት የሚላከው የወረቀት ቤት ከነፎቁ፣ ከነበራፉ ደጅ ላይ ቆሟል። ወዲያኛው ዓለም ቤቱን ማንም እንዳይነጥቃቸው የባለቤትነት ውል አብሮ ይቃጠላል፤ ሥርዓቱን የሚመሩት ካህንም ብሩሻቸውን ቀለም ነክረው ይጠብቃሉ።

«የተወለደበት ቀን?»

ሊጁ ከቢሮው ያመጣችውን ወረቀት ዘረጋችላቸው። ካህኑ አዩት፤ በክርናቸው ገፋ አደረጉት።

«ይሄ የእነሱ ነው። እናቱ መቼ ወለደችው?»

«በሁለተኛው ወር» አለች። «በሠላሳ።»

ካህኑ ቀና እንኳ ሳይሉ ጻፉት። «አድራሻ?»

«ይኸው ነው?» ብላ ጮኸች ሊጁ። «ይኸው ነው እንዴ? ሠላሳ ዓመት! እኔ ደግሞ ዛሬ ሸጥኩት፣ በገዛ እጄ ሸጥኩት!» መሬት ላይ ተዘረጋች። እናቷ መጥታ ጭንቅላቷን ጉያዋ ውስጥ አስገባች፤ ሁለቱም የልባቸውን አለቀሱ፤ ተዉ ያላቸው የለም።

ውሉ ተጽፎ አለቀ። ካህኑ የወረቀቱ ቤት ደረጃ ላይ አኖሩትና ክብሪት አወጡ።

«አንዴ ይቆዩ» አለች ሊጁ።

ገብታ ከፎቶው ሥር መነጽሩን አነሳች። በማቋ ጫፍ አንዱን መስታወት ጠረገች፤ ሌላውንም ጠረገች፤ ውሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ትንሽ እንጠብቀው» አለቻቸው። «ሳያነብ አይፈርምም።»