ከስሙ ጎን ያለችው ኮከብ

ሀምዳን መንደራ ቆጪ ሰፈር ላለው ፎቶ ቤቱ ያቺን ትንሽ ፕሮግራም የሠራት ሥራ ታቀልላለች ብሎ ነው። ደንበኛ ፎቶውን ሲወስድ ስሙ ይጻፋል፤ ፕሮግራሟም የተጻፈላትን እንዳለ ወስዳ ከተዘጋጀው የማጥፊያ ትእዛዝ ጫፍ ላይ ትቀጥለዋለች። የዚያ ሰው ፎልደር ይጠፋል።

ኮሌጅ የሚማረው ጓደኛው ኩመራ አይቷት ነበር። "ሰው የጻፈውን ሳታጣራ ለትእዛዝ ትሰጣለህ እንዴ?"

"እዚህ ማን ሌባ ይመጣል ብለህ ነው?" ብሎ ሳቀበት።

ሌባ አልመጣም። የመጣችው ማሂራ ናት፤ ሰርቦ ቡና መጋዘን ስትለቅም የኖረች፣ አሁን ፎቶ ቤቱ ውስጥ የተቀጠረች ጠንቃቃ ሠራተኛ። እዚያ ተለቅሞ ያለቀ ጆንያ ላይ በጠመኔ ኮከብ ይደረግበታል። ሂንድ የምትባል ሙሽራ ፎቶዋን በወሰደች ዕለት ማሂራ ስሟን ጻፈች፤ ትንሽ ክፍት ቦታ ተወችና እንደለመደችው ኮከብ አደረገችበት። ለኮምፒውተሩ ግን ኮከብ ማለት "እዚህ ያለ ሁሉ" ማለት ነው።

"ሀምዳኔ፣ ና እስኪ! ሁሉም ባዶ ሆነብኝ።"

"ምኑን ነካሽው?"

"ወላሂ ምንም! የሂንድ አለቀ ብዬ ኮከብ አደረግኩ እንጂ።"

ሀምዳን ቢከፍተው አንድም ፎልደር የለም። ከጠፉት አንዱ የጠሃ ነበር። ጠሃ የወንድሙን ሰርግ በቪዲዮ ያስቀረጸው በራሱ ስም ነው፤ የራሱም ድምፅ እዚያው ነበረበት፤ ባለፈው ወር ባጃጁ ተገልብጣበት ሞተ። የካሜራው ካርድ ላይ ደግሞ ሌላ ሰርግ ተቀርጾበታል።

ከአስር ሶላት በኋላ የጠሃ እናት ዙሀራ አዲስ ፍላሽ ይዘው መጡ።

"ፊቱን አልረሳውም፣ ልጄ። ድምፁን ብቻ ስጠኝ።"

"እማማ... የለም። ጠፋ።"

"አንተ ጋ አይደል ያለው? ፈልገው እንጂ!"

"ፈለግኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እማማ።"

ማሂራ ማልቀስ ጀመረች። ዙሀራ አላለቀሱም።

"አንዴ ቀብሬው ነበር" አሉ። "አሁን ደግሞ እናንተ ቀበራችሁብኝ።"

ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ወጡ።

ሀምዳን ፕሮግራሟን አስተካከላት። ከእንግዲህ የተጻፈው ሁሉ አንድ ስም ብቻ ሆኖ ያልፋል፤ ኮከብም ኮከብ ብቻ ነው፤ ስሙ ከሌለ ምንም አይነካም። ሊሞክራት ሂንድ ብሎ ጽፎ ከጎኑ ኮከብ አደረገ።

"እንዲህ የሚባል ደንበኛ የለም" አለችው ፕሮግራሟ።

ልክ ነበረች። ፍላሹን አየት አደረገና ቀስ ብሎ ጠሃ ብሎ ጻፈ።

"እንዲህ የሚባል ደንበኛ የለም።"