ዳገት የምትፈራው ፒካፕ

የጥበቡን ፒካፕ ወገዳ ውስጥ ያልነካካት መካኒክ የለም። አንዱ ፊልትሮ ነው አለ፣ ሌላው ፖምፓ ነው አለ፣ ሦስተኛው ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ ቆየና «ምንም የላትም እኮ» ብሎ ዘጋው። ሜዳ ላይ እውነትም ምንም የላትም። ዳገት ስታይ ግን ትንደቀደቅና ጭጭ ትላለች። በሽታዋን የሚያውቅ ጠፋ።

ያን ሰሞን የዓይን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ወገዳ ገብተው ነበር፤ በመንገዱ መዘጋት ስንት ዓመት ቀርተው የመጡ ናቸው። የጥበቡ አባት የኔታ ቀለመ ወርቅ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ዳዊታቸውን ከማህደሩ ማውጣት ትተዋል። በበቅሎ እንሂድ ቢሉት ልጅየው አሻፈረኝ አለ። መኪና ያለው ሰው አባቱን በበቅሎ ሲወስድ አገር ምን ይላል? ይኸው ነበር ጭንቀቱ። ተሠርታ እስክትወጣ ሲጠብቅ የሐኪሞቹ የመጨረሻ ቀን ደረሰ።

በጧት ከመንደራቸው ወደ ወገዳ ተነሡ። የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ተንደቀደቀች፣ ጠፋች። ጥበቡ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ፣ የናፍጣውን ቱቦ በአፉ ስቦ ተፋ፣ ቁልፉን ቢያዞር ቢያዞር እምቢ አለችው።

ጎረቤታቸው ተሻገር በበቅሎ ከኋላ ደረሰ። እሱም ለዓይኑ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ፈጽሞ ጠፍቷል፣ ሌላው ጭል ጭል ይላል። ወረደላቸው።

«የኔታ ይቀመጡባት። እኔ በእግሬ እከተላለሁ።»

«አንተ ሂድ አያ ተሻገር፣ እንቀድምሃለን» አለ ጥበቡ። «አሁን ትነሳለች።»

የኔታ ጋቢያቸውን ሰብስበው በሩን እየዳሰሱ ነበር። «ልጄ፣ ልሂድ ይሆን?»

«ትነሳለች አልኩዎት እኮ፣ አባ።»

እጃቸውን ከበሩ ላይ አነሡ። ምን ዓይነቱ እልኸኛ ነው! የአባቱ ዓይን ነው እኮ፣ እሱ ከብረት ጋር እልህ ይጋባል። ተሻገር ጥቂት ቆሞ ጠበቃቸውና በቅሎውን ኮለኮለ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፣ አዘቀዘቀች። ያን ጊዜ ምንም ሳይነካት ቁልፉን ቢያዞር ተነሳች፤ ዳገቱንም እንደ ጤነኛ መኪና ወጣችው። ጥበቡ መሪውን እንደያዘ በንዴት አለቀሰ።

ጤና ጣቢያው ግቢ ሲደርሱ ድንኳኑ ፈርሷል፣ ዕቃው ታሽጓል። አንዷን ነርስ ለመናት፤ እግሯ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «ሐኪሞቹ ሄደዋል፣ ወንድሜ። መቼ እንደሚመለሱ እኛም አናውቅም» አለችው፤ አዝናለች።

አጥሩ ሥር ተሻገር አንድ ዓይኑን ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሲያያቸው ብድግ አለና «የኔታ…» ብሎ ተጠጋቸው። የኔታ ፊቱን ዳስሰው ፋሻውን አገኙት።

«እሰይ፣ እንኳን ማረህ። መቼ ነው የሚፈቱልህ?»

«ነገ ጧት ነው፣ የኔታ።»

«እንግዲያው አገር ስትገባ መጀመሪያ ልጄን እይልኝ። ከስቷል ይሉኛል።»