የጠፉት አራት ሰከንዶች

እኔ ቱግ ባይ ነኝ፣ አልክድም። ነርሷ ታናሽ እህቴ ግን ከኔ ትሻላለች። የልብ ምት የሚመዘግበው መሣሪያ አራት ሰከንድ ባዶ ትቶ ስለተገኘ፣ ሽቦውን ነቅለሻል ተብላ በሳምንቱ በሆስፒታሉ ኮሚቴ ፊት ልትቀርብ ሆነ። ካላመኗት መባረሯ ነው። እጇ እንዳልነካው እየማለች ነገረችኝ።

ጉድ እኮ ነው! የዚያን መሣሪያ የመዝገብ ማኅደር፣ ማለትም መረጃው የሚቀመጥበትን ቦታ፣ የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔው ነኝ። የኔ ሥራማ እንከን የለውም ብዬ ደረቴን ነፋሁባት። ሌሊቱን ግን መሐላዋ እንቅልፍ ነሳኝ።

እኛ መሥሪያ ቤት ሁሌም የምንሞክረው ከካርቶን በወጣ አዲስ መሣሪያ ነው። ሞልቶ የሚያውቅ ማኅደር ሞክረን አናውቅም። አንዱን ሁለት ቀን ሙሉ አጨናንቄ ሞላሁትና አፍጥጬ ጠበቅኩ። ምዝገባው ቀጥ አለ። አራት ሰከንድ። ክው አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ይህ ማኅደር በተጻፈበት ላይ ደርቦ አይጽፍም። ደህናውን መረጃ ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ አሮጌውን በጅምላ ማጥፋት አለበት። እኔ ደግሞ ጽዳቱ ቦታው ሊያልቅ ሲል ብቻ እንዲጀምር አዝዤዋለሁ። ሥራው ተከምሮ ሲጠብቅ አዲሱ የልብ ምት ደጅ ሲጠና ሳይመዘገብ ያልፋል።

ጽዳቱን ቶሎ ቶሎ አደረግኩት፤ እያንዳንዱ ማጥፋት ዕድሜውን ስለሚበላው ማኅደሩ ያለ ጊዜው የሚያረጅ ሆነ። ቀነስኩ፤ እንደገና ቆመ። በመጨረሻ ቦታው ሲጋመስ ጀምሮ፣ በሁለት ምቶች መካከል ጥቂት ጥቂት እንዲያጸዳ አደረግኩ። ሦስት ቀን አንዲት ምት ሳትጠፋ መዘገበ። ብቻዬን አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ!

አለቃዬ ዝም ብለን እናስተካክለው፣ ስማችን ይጠፋል አለኝ። ያን ጊዜ ቱግ አልኩ። ቀኑ ሲደርስ እህቴ የተከሰሰችበትን የልብ ምት መዝገብና በሙከራዬ የተገኘውን ወረቀት ይዤ ኮሚቴው ፊት ቆምኩ። ሰብሳቢዋ የመጣኸው እህትህ ስለሆነች ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

"ወንድሟም ነኝ፣ ጥፋተኛውም ነኝ" አልኳቸው።

ሁለቱን ወረቀቶች አስተያዩ። ክፍተቱ አንድ ዓይነት ነበር። እህቴን ወደ ሥራዋ መለሷት።

ወደ ኮሪደሩ ስወጣ ትቀየመኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ጓደኞቿ ማን እንደሆንኩ ጠየቋት። ክንዴን ያዘች።

"ይህን መሣሪያ የሠራው የኔ ወንድም ነው" አለች፣ ሁሉም እስኪሰማ።

ቱግ ባዩ እኔም ክንዴን እንደተያዝኩ እስከ ሥራ ክፍሏ ሸኘኋት።