የሐሙስ ድንች

ደምለው የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ለአንድ ዓመት አቋርጦ ለማስተማር አገልግሎት ደባርቅ ሲመደብ፣ ስለ ብርዱ የነገሩት ብዙ ነበሩ። ብቻውን ስለ መብላት ግን የነገረው የለም። ምሳ የሚበላበት ምግብ ቤት ባለቤት፣ ወይዘሮ ታየች፣ ትሪውን ከማስቀመጣቸው በፊት በየቀኑ ይጠይቁታል።

«መምህር፣ ዛሬም ብቻዎን ነዎት?»

የሚመጣ ሰው እንዳለ ሁሉ በሩን አየት ያደርግና «ዛሬ ብቻዬን ነኝ» ይላል።

በመጨረሻ ለርእሰ መምህሩ ሐሳብ አቀረበ። ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ድንችና ባቄላ ይትከሉ፤ ሲደርስም በየሐሙሱ እዚያው ምሳ ይብሉት። ልጅ የአገሩን እህል በገዛ እጁ አብቅሎ ሲበላ የሚያገኘውን ጥቅም ግማሽ ሰዓት አስረዳ። ራሱ አብሯቸው እንደሚበላ አላነሣም፤ የሚያስበው ግን ያንኑ ብቻ ነበር።

«ጎንደር ያሉት አለቆቻችን ይወዱታል» አሉ ርእሰ መምህሩ።

ልጆቹ ቆፈሩ፣ ኮተኮቱ፣ ዝንጀሮ ጠበቁ። የመጀመሪያው ሐሙስ ደረሰና የተቀቀለው ድንች ከባቄላ ንፍሮ ጋር ክፍል ውስጥ በሦስት ገበታ ቀረበ። ደምለው መካከለኛው ገበታ ጋ፣ ልጆቹ መሐል ተቀመጠ።

«ብሉ እንጂ።»

«በልተናል፣ ጋሼ።»

«የት?»

«ቤት።»

አለኸኝ የሚባለውን ልጅ ጠዋት ጥሬ ባቄላ ሲቆረጥም ያየው ራሱ ደምለው ነው። ድንች ልጦ ሚጥሚጣ አስነካና አጎረሰው። ልጁ ጎረሰ፤ ግን አላኘከም። ጉንጩን ነፍቶ፣ ሚጥሚጣው እንባውን እያመጣው፣ ያላጠናውን ጥያቄ እንደተጠየቀ ሁሉ መሬት መሬት አየ።

ከሁሉም ደፈር የምትለዋ ይታይሽ፣ አንገቷን ደፍታ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ቢሮ አልጠሩዎትም?»

«ማን ነው የጠራኝ?»

«እንጃ። ይጠሩዎት ይሆናል።»

ያን ጊዜ ገባው። እሱም በልጅነቱ አባቱ ፊት አኝኮ አያውቅም፤ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ነገር ያስረሳል።

«እውነትሽን ነው» ብሎ ተነሣ።

በሩን ገና ከመዝጋቱ ሽሚያውና ሳቁ ከኋላው ፈነዳ። «ይቺ ድንች ከኔ መደብ ናት! እኔ ነኝ የኮተኮትኳት!» ትላለች ይታይሽ። ደምለው ግድግዳውን ተደግፎ አዳመጠ። ጉሙ ወደ ግቢው እየገባ ነበር። ርእሰ መምህሩ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ።

«እየበሉ ነው?»

«ጥርግ አድርገው።»

«አንተስ?»

«በልቻለሁ።»

እሳቸውም አመኑት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ገበታው ሲቀርብ «ቢሮ ሳይጠሩኝ አይቀርም» አላቸው። «እሺ፣ ጋሼ» አሉ በአንድ ድምፅ፤ ዓመቱን ሙሉ ሲጠይቃቸው እንዲህ ፈጥነው መልሰውለት አያውቁም።

ወደ ወይዘሮ ታየች ዘንድ ሄደ። እንደ ወትሮው በሩን አየት ሊያደርግ ተዘጋጅቶ ነበር። እሳቸው ግን አልጠየቁትም። ለአንድ ሰው የሚበቃውን አስቀምጠውለት ወደ ጓዳ ተመለሱ።