የትክል ድንጋዩ ወረንጦ

በበጌምድር ጠቅላይ ግዛት ከእኔ የበለጠ ሐኪም አልነበረም ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። በትክል ድንጋይ ክሊኒክ ስድስት ዓመት ብቻዬን ሠርቻለሁ፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ደግሞ የሚበልጠው የለም። ጣልያን ጎንደር ሳለ በሆስፒታሉ ቁስል አጣቢ ነበርሁ። ጣልያን ሲባረር ቁስሉም መቀሱም ለእኔ ቀረ። ኋላ መንግሥት አስተምሮ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ አደረገኝ። አገሬው ግን "ዶክተር" ይለኛል፤ እኔም አላርመውም። ሰው ወዶ ከሾመህ አልፈልግም ትላለህ?

ይህን የምጽፈው ግን ስለ እኔ አይደለም፤ የእኔን ሁሉም ያውቀዋል። ስለ የሻው ነው።

የሻው እንደ እኔ ድሬሰር ነው። ነገር ግን እጁ ቁስል ከነካ ዓመታት አልፈዋል። እንግሊዝኛውም የእጅ ጽሑፉም ሸጋ ስለሆነ ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ ከዋናው ሐኪም ቢሮ ደጃፍ ጠረጴዛ ተሰጥቶት ታይፕ ሲመታ ይውላል። ከእሱ ጋር ዘጠኝ ዓመት የሚካኤልን ጽዋ አብረን ጠጥተናል። ሲያገባ ሚዜው እኔ ነበርሁ፤ ለድግሱም ዐሥራ ሁለት በሬ ጥዬለታለሁ። እሺ፣ አንድ ወይፈን ነው። እሱም ቢሆን ወፍራም ነበር።

በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የሻው በጭነት ማኪና ሾፌር እጅ ደብዳቤ ላከብኝ። እንግሊዝ አገር ያለ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ከየአገሩ ሐኪሞችን እየጠራ ለስድስት ወር የዓይን ሕክምና ሊያስተምር ነው። መሳፈሪያው፣ መኝታው፣ ቀለቡ ሁሉ ከማኅበሩ። ከጠቅላይ ግዛታችን የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዶክተር ባይሆንም፣ ሐኪም በሌለበት ቦታ የሐኪም ሥራ አምስት ዓመት የሠራ ከሆነ ይበቃል ይላል። የሻው ከታች ጨምሮ "አያ ፋንታሁን፣ ይህ አንተን ብለው የጻፉት ነው" ብሏል።

እውነቱን ነው ብዬ በቅሎዬን ጭኜ ጎንደር ገባሁ።

ነገሩ ክብር ብቻ አልነበረም፤ ክብርማ ሞልቶኝ ነበር። ትክል ድንጋይ ባለችበት በላይ አርማጭሆ ትራኮማ ያልገባበት ቤት የለም። በሽታው ሲቆይ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ፀጉሩ ብሌኑን እንደ ሞረድ ሲፍቅ ይውላል። እኔ የማደርገው አባቶቻችን ከአንገታቸው አንጠልጥለውት በሚዞሩት ወረንጦ፣ እሾህ በሚነቅሉበት፣ ያንን ፀጉር አንድ በአንድ መንቀል ነው። በወሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ በወሩ ተመልሰው ይመጣሉ። ሎንዶን ግን ቆቡን ቀድዶ ወደ ውጭ መመለስ ያስተምራሉ አሉ። አንድ ጊዜ ተቀድዶ ተሰፍቶ፣ ሁለተኛ ወረንጦ የለም። ያን እጅ ይዤ ብመለስ ስንት ሰው ከመታወር ይድናል ብዬ ሳስብ እንቅልፍ አልወስድህ አለኝ።

ማመልከቻው መከራ ነበር። የልደት ወረቀት አሉ፤ የቁስቋሙ መሪጌታ መወለዴን በግእዝ ጽፈው፣ ሳይጠየቁ የክርስትና አባቴን ሙገሳ ጨመሩበት። የደረት ራጅ አሉ፤ ተነሣሁ። ሦስት ፎቶግራፍ፣ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ፣ አለቃህ እንደሚለቅህና ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ ቦታህ እንደምትመለስ የሚገልጽ ወረቀት። ሁሉን አሟላሁ። የቀረው አንድ ገጽ ነው፦ ባለፉት አምስት ዓመታት በገዛ እጅህ ምን ሠራህ?

እዚህ ላይ ነው ነገሬ የተበላሸው።

የአገልግሎቴን ዘመን ማስረጃ ብዬ ከክሊኒኩ ወረቀት ሁሉ ሰብስቤ ነበር የመጣሁት። የሻው ሲያገላብጥ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር አገኘ።

"ይኸስ ምንድን ነው?"

"እሱን ተወው፤ የወረንጦ ነገር ነው።"

ገልጦ አነበበ። ስድስት ዓመት ሙሉ የዓይናቸውን ፀጉር የነቀልሁላቸው የሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ስም ነው። የማን ፀጉር መቼ ተነቀለ፣ መቼ ተመልሶ በቀለ፣ የትኛዋን ልጅ የእናቷን እንድትነቅል አሳየኋት። ሃያ ሰባቱ ታውረውብኛል፤ እነሱንም በስማቸው ጽፌአለሁ። ለማንም አሳይቼው አላውቅም። ወረንጦ ምኑ ይወራል?

"አያ ፋንታሁን፣ ይህን ጻፍ" አለኝ የሻው።

"ሎንዶን ድረስ እሾህ መንቀያ ላሳይ? ወረቀት አምጣ!"

እኔ ስናገር እሱ ታይፕ መታ። የቆረጥሁትን እግር፣ ያወጣሁትን ጥይት፣ ያዋለድሁትን መንታ። በመሐል እጁን አነሣ።

"ይህን ሁሉ እግር ከቆረጥህ የትክል ድንጋይ ገበያ በምኑ ቆሞ ይገበያያል?"

"ምታ አንተ! ፈረንጅ ቆጥሮ አይመጣም።"

ሳቀና መታ። ወረቀቱን ፈርሜ ለሚካኤል ተስዬ ሄድሁ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ተውሁት፤ ከማኅበርተኛዬ ዘንድ ምን ይሆናል ብዬ?

ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ሙሉ ሎንዶን ነበርሁ ማለት ይቻላል። ገበያተኛው ሁሉ መልእክት ሰጠኝ። ባለቤቴ ትርንጎ ዳቦ ቆሎ ቆልታ በስልቻ ቋጠረች። የደብሩ አስተዳዳሪ ለዓይናቸው መነጽር አዘዙኝ። እኔም የአውሮፕላኑን ወንበር መርጫለሁ ብዬ አወራሁ፤ በመስኮቱ በኩል።

ሰኔ ላይ ጎንደር መድኃኒት ልወስድ ስገባ ከሆስፒታሉ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። የተመረጠው፦ አቶ የሻው በላቸው።

በሩን ሳላንኳኳ ዋናው ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ዶክተር ኃይለ ማርያም ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ተቀመጥ አለኝና ወረቀት አወጣ።

"የሻው የጻፈውን ልንገርህ" አለ። "ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው። ወረንጦ። የታወሩበትን ሃያ ሰባት ሰዎች እንኳ አልደበቀም። እንዲህ ያለ እውነተኛ ጽሑፍ አይተን አናውቅም ብለው ከሎንዶን ጻፉልኝ።"

"የእኔ ነው!" አልሁ። "ጌታዬ፣ የእኔ ደብተር ነው! ሰዎቹም የእኔ ናቸው፤ እሱ ትክል ድንጋይን በማኪና መስኮት እንኳ አላየው!"

"የሻው በየወሩ በሥራ ጉዳይ ወደ አርማጭሆ እወጣ ነበር ይላል።"

"ወጥቶ አያውቅም!"

"የአንተንም አንብቤአለሁ፣ ፋንታሁን።" ሌላ ወረቀት አነሣ። "አራት መቶ እግር። እኔ በሕይወቴ የቆረጥሁት ዐሥራ አንድ ነው። ታዲያ የትኛውን ፋንታሁን ልመን?"

"እሱን ራሱን ያስጠሩልኝ!" አልሁ።

የሻው ተጠራ። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ "የምን ደብተር?" አለ። ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ጽዋ የጠጣ ሰው። "የምን ደብተር?"

ዶክተሩ ፍርደ ገምድል አልነበረም። "ከታከሙት ሴቶች አንዷን አምጣ፤ እሷ ትናገር" አለኝ።

ባንቺአየሁን አመጣሁ። ስድስት ዓመት በየወሩ የዓይኗን ፀጉር የነቀልሁላት፣ ከትክል ድንጋይ ወዲያ ማዶ የምትኖር ባለ ሁለት ጥማድ መሬት መበለት ናት። በበቅሎዬ አስቀምጫት እኔ በእግሬ መጣሁ። መንገድ ላይ ነገሩን ልነግራት ብዬ ተውሁት። ሳልነግራት ከልቧ አውጥታ ብታመሰግነኝ፣ ምርቃቷ ከአፏ እንደ ጎርፍ ቢወርድ፣ ዶክተሩም አፉን ቢይዝ ይበልጣል ብዬ። "ትልቁ ሐኪም ስለ እኔ ይጠይቅሻል፤ የምታውቂውን ተናገሪ" ብቻ አልኋት። እሷም ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ በሐሳብ መጣች።

ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛ፣ ማኅተም፣ ነጭ ካፖርት። የሻው ብዕር ይዞ ተቀምጧል፤ የምትለውን ሊጽፍ።

"ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?" አለ ዶክተሩ።

ባንቺአየሁ ወደ እኔ አላየችም። ያየችው ብዕሩን ነው።

"በሩቁ አውቀዋለሁ።"

"ዓይንሽን ነክቶ ያውቃል?"

"ኧረ በሚካኤል! ይኸ ሰውዬ? እጁን አሳርፎብኝ አያውቅም! ጨዋ ሰው ነው፣ ሰው የማይደርስበት፣ ሰው ላይ የማይደርስ።"

"በወረንጦ ፀጉርሽን አልነቀለም?"

"ወረንጦውንም አላየሁት።"

"ባንቺአየሁ!" ብዬ ጮኽሁ። "ምነው አንቺ ሴት! ተናገሪ እንጂ!"

"ይኸው እየተናገርሁ!" አለችና በዚያ በቀላ ዓይኗ ጠቀሰችኝ።

ዶክተር ኃይለ ማርያም ወረቀቶቹን ቀስ ብሎ ደርድሮ አቃፊው ውስጥ ከተተ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከግቢው ስንወጣ ባንቺአየሁ ነጠላዋን አስተካክላ በኩራት ተነፈሰች።

"ደህና አርጌ አወጣሁህ ወይ?"

"ከምን?"

"ከክሱ ነዋ! አልተከሰስህም? ሳትማር ዓይን ነካህ ብለው ሊያስሩህ አልነበር? እኔን ያሞኙኛል! ባሌ ለጸሐፊ 'አዎ' ብሎ ነው ታስሮ የቀረው፣ አያ ፋንታሁን። ብዕር ከያዘ ሰው ፊት አላወቅሁም ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?"

ልነግራት አፌን ከፈትሁ። ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ አይቼ ዘጋሁት።

"ደህና አርገሽ አወጣሽኝ" አልኋት።

አውሮፕላኑ ከአዘዞ ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቀትር ላይ የሻው ቁስቋም ካረፍሁበት እናቴ ቤት ድረስ መጣ። በእጁ አዲስ የቆዳ ቦርሳ ይዟል። ከቦርሳው ደብተሬን አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ቀድቼ ጨርሻለሁ" አለ።

"ተመስገን" አልሁ። "ያንተ ደብተር ጠፍቶኝ ሳዝን ነበር።"

"አያ ፋንታሁን፣ አንተ የጻፍኸው ሄዶ ቅርጫት ነበር የሚገባው። ይህን ጻፍ ብዬህ አልነበር? ባክኖ ከሚቀር ብዬ ነው።"

"እሺ። ታዲያ በስሜ ብትልከው እጅህ ይቆረጥ ነበር?"



"እኔም ሎንዶንን ማየት እወዳለሁ" አለ።

ይህን ያህል ግልጥ ያለ ነገር ከእሱ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ቦርሳውን ሲነካካ ቆየና "አንድ ነገር ላስቸግርህ" አለ። "እዚያ ስሄድ በእጅህ አሳየን ቢሉኝስ? ፀጉሩ ወደ ላይ ነው የሚሳበው ወይስ ወደ ጎን?"

ልብ አድርጉ። ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው ነቅያለሁ ብሎ የፈረመ ሰው ነው የሚጠይቀኝ።

"ና፣ ወደ ብርሃኑ ዙር" አልሁት። ወረንጦዬን ከአንገቴ አወጣሁ። አገጩን በግራ እጄ ያዝሁ፣ የቀኝ ዓይኑን ቆብ ገለበጥሁ። "ሥሩ ላይ ትይዛለህ፤ በበቀለበት አቅጣጫ ትስባለህ። እንዲህ።"

"ወይኔ!"

"አትንቀሳቀስ። ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል፤ የተሰበረ ደግሞ ከሙሉው ይበልጥ ይወጋል። እንዲህ። ያዝህ?"

"ይዣለሁ! በቃ፣ ገባኝ!"

"አልገባህም። ባንቺአየሁ አንድ ቀን ወይ ብላ አታውቅም። እንዲህ። እንዲህ።"

ሺህ ፀጉር ነቀልሁለት። ውሸት ነው፤ የላዩን ቆብ ጨረስሁት፣ ስንት እንደሆነ አልቆጠርሁም። እንባው በጉንጩ ሲወርድ እጄን አልገፋም፤ ገፍቶኝ ቢሆን እተወው ነበር። በማግስቱ አንዱ ዓይኑ እንደ ጫጩት ተመልጦ፣ ቀልቶ፣ አውሮፕላን ላይ ወጣ። እንግሊዞቹ በሽተኛው ራሱን አስታምሞ መጣ ሳይሉ አይቀሩም።

በሳምንቱ ትክል ድንጋይ ስመለስ ገበያው ከበበኝ። ምነው ቀረህ፣ ሎንዶን ምን ሆነች፣ መነጽሩስ?

"የሄደው የሻው ነው" አልኋቸው። "የያዘው ግን የእኔን ሥራ ነው። የሚያውቀውን ያስተማርሁት እኔ ነኝ።"

ሲስቁ የአንዱ ሽማግሌ ኩታ ከትከሻው ወደቀ። አራት መቶ እግር ቆረጥሁ ስል አምነውኝ ነበር።

ባንቺአየሁ ወሯ ደርሶ ከክሊኒኩ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙሬ ቆቧን ገለበጥሁ።

"ዛሬ ምነው ወሬ የለህም?" አለችኝ።

"አትንቀሳቀሺ" አልኋት።

ሲያልቅ ደብተሩን ገለጥሁ። ስሟን፣ ቀኑን፣ ከቀኝ ዓይን ሰባት፣ ከግራ አራት ብዬ ጻፍሁ።